ከእኅትማማች ማኅበር እስከ ጥጥ እርሻ፦ የዶክተር ዶሮቲ ፌረቢ ሕይወትና ሥራ

ማኅበር የሚለው ቃል በአገራችን ሰፊ ትርጉም የያዘ ነው። ጽዋ የሚጠጣበትም፣ ሬሳ የሚነሣበትም፣ በአንድ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች ስለ ሥራቸው የሚመክሩበትም ሁሉ ማኅበር ይባላል። በአብዛኞቹ ዘንድ ግን አንድ የጋራ ደንብ አለ፤ አባል የሆነ ያዋጣል፣ ያዋጣም ተራው ሲደርስ ይጠቀማል። ይህ ደንብ ነውር የለበትም። ሆኖም አልፎ አልፎ፣ መዋጮ መክፈል ቀርቶ የማኅበሩን ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሰዎችን ለማገልገል የሚነሣ ማኅበር ይገኛል። የመጽሔቱ አዘጋጆች በሙያችን ታሪክ ላይ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ሐሳቤ ያረፈው በእንዲህ ዓይነቱ ማኅበርና ከስብሰባ አዳራሽ አውጥተው ወደ ጥጥ እርሻ በወሰዱት በአንዲት ሐኪም ላይ ነው። ማኅበሩ አልፋ ካፓ አልፋ የተባለው የአሜሪካ ጥቁር ሴት ተማሪዎች የእኅትማማችነት ማኅበር ሲሆን፣ ሐኪሟም ዶክተር ዶሮቲ ቦልዲንግ ፌረቢ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ አሳስባለሁ።

ዶሮቲ ቦልዲንግ በጥቅምት ወር 1898 በቨርጂኒያ ግዛት በኖርፎክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በባቡር የፖስታ አገልግሎት ይሠሩ ነበር፤ እናታቸው መምህርት ነበሩ። ቤተ ዘመዱ በትምህርት የገፋ፣ በተለይም ጠበቆች የበዙበት ስለ ነበር ልጅቱም የሕግን መንገድ ትከተላለች ተብሎ ቢታሰብ የሚያስደንቅ አይሆንም። እርሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ክንፉ የተሰበረ ወፍና እግሩ የቆሰለ ውሻ እየፈለጉ ማስታመም ይወዱ ነበር። እናታቸው በታመሙ ጊዜ በቦስተን ከተማ ከሚኖሩ ዘመዶቻቸው ዘንድ ተልከው እዚያው አደጉ፤ ተማሩም። በ1920 ከሲመንስ ኮሌጅ ተመርቀው ቀጥለው ወደ ተፍትስ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ።

በተፍትስ የነበሩት የክፍል ጓደኞቻቸው ቍጥር 137 ሲሆን ከእነዚህ መካከል ሴቶቹ 5 ብቻ ነበሩ። ሴት መሆን አንድ ሸክም፣ ጥቁር መሆን ደግሞ ሌላ ሸክም በሆነበት በዚያ ዘመን ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክመው በ1924 ከክፍሉ የላቀ ውጤት ካገኙት ተማሪዎች መካከል ሆነው ተመረቁ። ይሁን እንጂ ከምረቃ በኋላ የተግባር ልምምድ ለማድረግ ባመለከቱ ጊዜ የነጮቹ ሆስፒታሎች በራቸውን ዘጉባቸው። ስለዚህም ወደ ዋና ከተማው ወደ ዋሺንግተን ወርደው በፍሪድሜንስ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ይህ ሆስፒታል በ1862 ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች መታከሚያ ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን፣ ጥቁር ሐኪሞች ሙያቸውን ሊለማመዱ ከሚችሉባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነበር።

ዶክተሯ በዋሺንግተን የመረጡት ሙያ የማዋለድ ሕክምና ነው፤ የመረጡትም ሰፈር ከአገሪቱ ምክር ቤት ሕንፃ ብዙ የማይርቅ የድሆች መንደር ነበር። ከእለታት አንድ ቀን አንድ የ9 ዓመት ልጅ ወተት ሰርቆ በፖሊስ ተያዘ። ወተቱን የሰረቀው ለታናሽ ወንድሙ ነበር፤ እናትየው ለዕለት ጕርስ ስትሠራ ትውላለችና ሕፃናቱን የሚጠብቅ ሰው በቤት አልነበረም። በአቅራቢያው ለሕፃናት መዋያ የሚሆን አንድ ድርጅት ነበር፤ ነገር ግን የሚቀበለው ነጮችን ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ሐኪም የሚያደርገው ሁለት ነገር አለ፤ ለተራበው ሕፃን መድኃኒት ማዘዝና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ማለፍ፣ ወይም የሕፃኑ በሽታ ምንጭ የት እንደ ሆነ መጠየቅ። ዶክተር ዶሮቲ ሁለተኛውን መረጡ። ከሌሎች ጋር ሆነው ገንዘብ አሰባስበው በ1929 ለጥቁር ሕፃናት መዋያና ለወላጆቻቸው መረዳጃ የሚሆን ቤት በዚያው በደቡብ ምሥራቅ ዋሺንግተን አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት ክሎድ ፌረቢ የተባሉ የጥርስ ሐኪም አግብተው መንታ ልጆች ወለዱ፤ ዛሬ የምናውቃቸውም በዚህ በባለቤታቸው ስም ነው።

ከ1927 ጀምሮ ደግሞ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። የሕይወታቸውን ታላቅ ሥራ ያሠራቸው ማኅበር የተወለደው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆነ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን አመሠራረቱን ማየት ይገባናል።

ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 ሲቋቋም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማግሥት የነፃነት አየር መተንፈስ የጀመረው የጥቁር ሕዝብ ልጆቹን የሚያስተምርበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲሆን ታስቦ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ ይማሩ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ከሴንት ሉዊስ ከተማ የመጡት ወይዘሪት ኤትል ሄጅማን ነበሩ። በነጮቹ ኮሌጆች በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ የተማሪዎች ማኅበራት ከቆዩ ሰንብተዋል፤ ጥቁር ወንዶች ተማሪዎችም በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የራሳቸውን መሥርተው ነበር። ጥቁር ሴቶች ግን ምንም አልነበራቸውም። በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የሐዋርድ መምህርት ኤትል ሮቢንሰን በተማሩበት ስፍራ ያዩትን የሴቶች ማኅበር አሠራር ለሄጅማን አጫወቷቸው። ሄጅማንም ጓደኞቻቸውን አሰባስበው ጥር 15 ቀን 1908 አልፋ ካፓ አልፋን መሠረቱ። የመጀመሪያዎቹ መሥራቾች 9 ነበሩ፤ ጥቂት ቆይቶ 7 ሌሎች ተጨመሩ። የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሉሲ ስሎ ሲሆኑ፣ እርሳቸው በኋላ በ1922 በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ የሴት ተማሪዎች ዲን ሆነዋል፤ በ1917 በሜዳ ቴኒስ ያሸነፉትን የጥቁሮች ብሔራዊ ሻምፒዮናም ታሪክ አይረሳውም።

እንግዲህ አንባቢ በእነዚያ 9 ሴቶች ዘመን የነበረውን ሁኔታ ልብ ይበል። የአሜሪካ ሴቶች በአገር ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1920 ነው። በደቡቡ ክፍል የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ደግሞ ይህ መብት በተግባር እስኪደርሳቸው ድረስ ከዚያ በላይ አርባ አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። ከኮሌጅ የሚመረቁት ጥቁር ሴቶች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚጠብቃቸው በጠባብ ደሞዝ በመለያየት ሕግ በተያዘ ትምህርት ቤት ማስተማር ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነው የመረጡት ዓላማ ለአባላቱ ከፍ ያለ የትምህርትና የሥነ ምግባር ደረጃ መጠበቅና ለሕዝባቸው ማገልገል ነበር። ከዓላማው የመጀመሪያው ክፍል ቀላል ነበር። ሁለተኛው ግን ብዙ ዘመን ፈጀ።

የማኅበሩ ፈተና ቶሎ መጣ። በ1912 ጥቂት አባላት የማኅበሩን ስምና መለያ ለመለወጥ፣ ሥራውንም ከግቢ ውጭ ወዳለው ሕዝባዊ ጉዳይ ለማዞር ሐሳብ አቀረቡ። ቀደም ሲል የተመረቁት ኔሊ ኳንደር ግን ይህን ተቃወሙ። ክርክሩ በመታረቅ አላበቃም። 22ቱ ሴቶች ተለይተው ወጥተው ጥር 13 ቀን 1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ የተባለውን ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም በዋሺንግተን አደባባይ ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ ተካፈሉ። ኔሊ ኳንደርና ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው ጥር 29 ቀን 1913 አልፋ ካፓ አልፋን በሕግ አስመዝግበው ሕጋዊ ሰውነት አሰጡት። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ ለማለት እደፍራለሁ። የወጡት፣ ማኅበር ከአዳራሽ ካልወጣ ምን ይጠቅማል ብለው ነበር፤ የቀሩት ደግሞ ሕጋዊ መሠረት የሌለው ማኅበር መሥራቾቹ ሲመረቁ አብሮ እንደሚበተን ተረድተው ነበር። የኋለኛውን ዘመን ሥራ ስናይ ሁለቱም አሳብ ተፈላጊ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከሕጋዊነት በኋላ ማኅበሩ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ቅርንጫፎች አቋቋመ፤ ከ1918 ጀምሮም ብሔራዊ ጉባኤ ማድረግ ጀመረ። ከሁሉ በላይ ግን ልንመለከተው የሚገባው ነገር የምሩቃን ቅርንጫፎች ማደግ ነው። ይህ ማኅበር የተማሪነት ዘመን ሲያበቃ የሚተው የወጣትነት ጨዋታ አልነበረም፤ አባልነቱ እስከ ሕይወት ፍጻሜ የሚዘልቅ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጥቁር ሐኪም፣ ነርስ ወይም መምህርት በደቡብ ግዛቶች የሙያ ማኅበር አባል መሆን ትከለከል ነበር። በሕክምናው ዘርፍ የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ቅርንጫፎች ጥቁር ሐኪሞችን ስላልተቀበሉ፣ ያለ ቅርንጫፉ አባልነት ደግሞ ብዙ ሆስፒታሎች በሽተኛ ስለማያስተኙላቸው፣ ሙያው ራሱ በር ተዘግቶበት ነበር። ይህ በደል የታመነው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ያ ማኅበር በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የእኅትማማችነቱ ማኅበር ለእነዚያ ሴቶች የተማሪ ክበብም፣ የሙያ ማኅበርም፣ የመረዳጃ እድርም ሆኖ አገለገለ ማለት ይቻላል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት በተያዘ ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሪት አይዳ ጃክሰን ነበሩ። ጃክሰን በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዋ ጥቁር መምህርት ሲሆኑ ትውልዳቸው ግን ሚሲሲፒ ነበር፤ ያገራቸውን ችግር አልረሱም። በ1934 የማኅበሩን አባላት አስተባብረው በሚሲሲፒ በሆምስ አውራጃ፣ በሌክሲንግተን ከተማ፣ አሬኒያ ማሎሪ በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ውስጥ ለገጠር መምህራን የክረምት ሥልጠና ከፈቱ። ሥልጠናው ሲካሄድ ግን መምህራኑም ተማሪዎቻቸውም ከመጽሐፍ በፊት ጤና እንደሚያስፈልጋቸው ተረዱ። ወባ ያነደደው፣ የጥርስ ሕመም ያስለቀሰው፣ ጠግቦ ያልበላ ልጅ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አይከተልም። ስለዚህም በሚቀጥለው ዓመት ከመምህራን ይልቅ ሐኪሞችና ነርሶች እንዲላኩ ተወሰነ። ለዚህም የጤና ሥራ ኃላፊ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ዶሮቲ ፌረቢ ነበሩ።

ሚሲሲፒ በዚያን ጊዜ ምን እንደ ነበረ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ብዙም አይከብድም፤ ጭሰኝነትን በቅርብ የምናውቅ ሕዝብ ነንና። በዴልታ ተብሎ በሚጠራው ለም ሜዳ ጥቁር ገበሬ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም። ከባለመሬቱ ዘርና ቀለብ በብድር ወስዶ ጥጥ ያመርታል፤ መከሩ ሲገባ ድርሻው ተቆርጦ ይሰጠዋል፤ ሒሳቡን የሚይዘው ባለመሬቱ ስለ ሆነ ዓመቱ ሲያልቅ የቀረለት ዕዳ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው የጥጥ ሥራ በማይበዛበት ወራት ብቻ ነው። ወባ፣ የአንጀት ትል፣ ቂጥኝ፣ ከምግብ ጕድለት የሚመጣው ፔላግራ የተለመዱ ነበሩ፤ ጥቁር ሐኪም እጅግ ጥቂት፣ ለነጩ ሐኪም የሚከፈል ገንዘብም የለም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ለሚኖሩ ሰዎች ነበር እነዚያ የተማሩ ሴቶች የዕረፍታቸውን ጊዜና የራሳቸውን ገንዘብ ይዘው የመጡት።

ጉዞው ራሱ ፈተና ነበር። ሴቶቹ ከዋሺንግተን ተነሥተው በግል መኪኖቻቸው 1500 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ። በመንገዱ ላይ ጥቁር የሚያሳድር ሆቴልና ምግብ የሚሸጥ ምግብ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በመኪናው ላይ የሕክምና መሣሪያ ተጭኗል፤ ይህም በጐዳና ላይ ለሚያቆም የነጭ ፖሊስ ዓይን ይስባል። የመጡት ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ መምህራንና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም ክፍያ አልተቀበሉም። ደመወዛቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ አብዛኞቹ የማኅበሩ አባላት መምህራን ነበሩና መዋጮው የተሰበሰበው ከእነርሱ ጕሮሮ ነው።

በ1935 መጀመሪያ የታሰበው በሌክሲንግተን በአንድ ሥፍራ ክሊኒክ ከፍቶ ሕዝቡን ወደዚያ መጥራት ነበር። ይህ ዕቅድ አልሠራም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1934፣ በጎረቤቱ በአርካንሳስ ግዛት ጥቁርና ነጭ እኩል አራሾች አንድ ላይ ሆነው ማኅበር አቋቁመው ስለ ነበር ባለመሬቶቹ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሠራተኛ የሚያሳምፅ ይመስላቸው ነበር። በሥራ ወራት ጭሰኞቻቸው ከእርሻው ወጥተው ወደ ከተማ እንዲሄዱ አልፈቀዱም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መሣሪያውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይመለስ ይሆናል። ዶክተር ፌረቢ ግን ገበሬው ወደ ሐኪም መምጣት ካልቻለ ሐኪም ወደ ገበሬው ይሄዳል ብለው ክሊኒኩን በመኪና ላይ አደረጉት። በየእርሻው እየዞሩ በቤተ ክርስቲያንም፣ በትምህርት ቤትም፣ በዛፍ ጥላ ሥርም ሕፃናትን ከተቡ። የመኪናው ክሊኒክ የብልሃት ውጤት ሆኖ አልመጣም፤ የእምቢታ ውጤት ነበር።

እዚያም ነፃነት አልነበረም። ባለመሬቶቹ በፈረስ የሚዞሩና ሽጉጥ የታጠቁ ተቆጣጣሪዎቻቸውን በክሊኒኩ አጠገብ አቁመው ሐኪሞቹ ከበሽተኞቹ ጋር የሚነጋገሩትን ያዳምጡ ነበር። እናት ስለ ልጇ ምግብ ስትጠየቅ ዓይኗ ወደ ፈረሰኛው እንደሚሄድ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። ከተቆጣጣሪው ፊት የምትናገረው ነገር ሁሉ ስለ ባለመሬቱ እንደ ተነገረ ይቆጠርባታልና። ታሪክ መጠየቅ የምርመራ ግማሽ በሆነበት ሙያ ውስጥ ይህ ትልቅ ጕድለት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ በሙያቸውና በአነጋገራቸው እጅግ ጥንቃቄ አደረጉ፤ ስለ ደሞዝም ስለ መሬትም አንዳች ቃል አልተናገሩም። ይህን ዝምታ አንዳንዶች እንደ ፍርሃት ቢያዩት አልስማማም። ክትባት የያዘ እጅ በፖለቲካ ከተያዘ ክትባቱ ወደ ልጁ አይደርስም ነበር። ነገር ግን ዝምታው ዋጋ ነበረው፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሥራው በየዓመቱ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሲቆይ፣ በኋላ ወደ ቦሊቫር አውራጃ ተዛውሮ እስከ 1942 ድረስ ቀጠለ። የግዛቱ የጤና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ፊሊክስ አንደርውድ ለክትባቱ መድኃኒት በማቅረብ ረዱ። ይህ አስተዋፅኦ የሚናቅ አይደለም፤ መለያየት በሰፈነበት መንግሥት ውስጥ የሚሠራ ነጭ ባለሥልጣን ለጥቁር ሴቶች ማኅበር መድኃኒት ማቅረቡ የዶክተር ፌረቢን የመደራደር ብልሃት ያሳያል። ከክትባቱ በተጨማሪ ጥርስ ይነቀላል፣ ወባና ቂጥኝ ይታከማል፣ ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና ትምህርት ይሰጣል፣ ልብስም ይታደላል። ከዓመት ወደ ዓመት ሲደመር በፈንጣጣና በዲፍቴሪያ የተከተቡት ሕፃናት 15,000 ያህል ደረሱ። ለአገር ይህ ትንሽ ቍጥር ይመስላል። የሚሠሩት ግን በበጎ ፈቃድ የመጡ ጥቂት ሴቶች መሆናቸውን፣ መንገዱም ጭቃ መሆኑን፣ በጀቱም ከመምህራን ደመወዝ የተቆረጠ መሆኑን ለሚያውቅ ትንሽ አይደለም።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የሚሲሲፒው ክሊኒክ በተጀመረበት በዚያው በ1935 ከሐዋርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ከተመረቁት መካከል ዶክተር መላኩ በያን ነበሩ። ዶክተር መላኩ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ተምረው ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ወረራው ሲመጣ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኞችን አክመዋል፤ በኋላም በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሥርተው በ1940 አርፈዋል። ሁለቱን ያገናኘው ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ የተማረ ሰው ዕውቀቱ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄም ነው። ዶክተር መላኩ ከዋሺንግተን ወደ ኦጋዴን፣ ዶክተር ፌረቢ ደግሞ ከዋሺንግተን ወደ ሆምስ አውራጃ የሄዱት በአንድ ዓመት ውስጥ መሆኑን ሳስብ በጣም እደነቃለሁ።

ወደ ቀደመው ነጥብ ልመለስ። ሥራው ጕድለት ነበረበት፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት ራሳቸው ሠሪዎቹ ነበሩ። በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚመጣ ሐኪም ፔላግራን ያውቃል፤ ፔላግራን የሚያመጣውን የምግብ ሁኔታ ግን ሊለውጠው አይችልም። ጤነኛ ጭሰኛ ለባለመሬቱ የተሻለ ጥጥ የሚለቅም ጭሰኛ ነበር፤ ስለዚህም አንዳንዶቹ ባለመሬቶች ቀስ በቀስ ክሊኒኩን መቀበላቸው ከልብ ርኅራኄ የመጣ ብቻ አይመስለኝም። ማኅበሩ ከዚህ የተማረው ትምህርት ለአባላቱ ዕድገት ትልቅ ምዕራፍ ከፈተ። በ1938 በኖርማ ቦይድ አስተባባሪነት በዋሺንግተን ስለ ጥቁር ሕዝብ መብት የሕግ አውጪዎችን የሚያነጋግር ቋሚ ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ በጊዜው በጥቁር ሴቶች ማኅበር ዘንድ ያልተለመደ ነበር። ማኅበሩ በመርፌ የጀመረውን በሕግ ለመቀጠል ሞከረ። ዶክተር ፌረቢ ራሳቸውም ከ1939 እስከ 1941 የማኅበሩ ብሔራዊ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ክሊኒኩም ፖለቲካውም በአንድ እጅ የገባው በእርሳቸው ዘመን ነው። በ1942 አሜሪካ ወደ ጦርነት ገብታ ጎማና ቤንዚን በራሽን ሲታደል የመኪናው ክሊኒክ ቆመ።

ዶክተር ፌረቢ ከዚያ በኋላ የተመለሱት ወደ ጸጥታ አልነበረም። በ1949 ሜሪ ማክሊዮድ ቤትዩን የመሠረቱትን ብሔራዊ የጥቁር ሴቶች ምክር ቤት በሁለተኛ ሊቀ መንበርነት ተረክበው እስከ 1953 መሩት፤ በዚያው ዓመት የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የጤና አገልግሎት ዳይሬክተር ሆነው እስከ 1968 ሠሩ። በዚህ ጊዜ ከመንታ ልጆቻቸው አንዷ ገና በወጣትነቷ ሞተችባቸው፤ ትዳራቸውም ኋላ ላይ ፈረሰ። በሕዝብ ፊት የሚታዩት ዶክተር ከዚህ ሐዘን ጋር እየኖሩ ሥራቸውን ሳይቀንሱ መቀጠላቸውን ስናይ፣ ኃላፊነት አንዳንዴ መጽናኛም፣ መሸሸጊያም እንደሚሆን እንረዳለን። በጥቅምት 1963 በአላባማ በሴልማ ከተማ በመብት ጥያቄ የታሰሩ ወጣቶች በነበሩ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ሳለ ከዶሮቲ ሃይት ጋር ሄደው የልጆቹን ሁኔታ አዩ። በ1967 ደግሞ የአገራቸው መልዕክተኛ ሆነው በጄኔቫ በዓለም የጤና ጉባኤ ላይ ተገኙ። ከዚያም በፊት በብዙ የአፍሪካ አገሮች እየተዘዋወሩ ስለ መከላከያ ሕክምና ንግግር አድርገዋል፤ ጥቁር ሴት ሐኪም ሆስፒታል ያልተቀበላት አገር፣ ዶክተሯን ስለ ጤና እንዲናገሩላት ወደ ሌላ አህጉር መላኳን ታሪክ እንደ ፌዝ የሚመዘግበው ነው።

በዚያው በ1967 በቦሊቫር አውራጃ፣ በማውንድ ባዩ ከተማ፣ አንድ የገጠር የጤና ማዕከል ተከፈተ። ማውንድ ባዩ ከባርነት በወጡ ሰዎች በ1887 የተቆረቆረች የጥቁሮች ከተማ ናት፤ በ1942 አንድ የጥቁሮች የመረዳጃ ማኅበር ሆስፒታል ሠርቶባታል። አዲሱን ማዕከል የከፈተው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መሪው ዶክተር ጃክ ጋይገር የተባሉ ሐኪም ነበሩ። ማዕከሉ ለተራቡ ሕፃናት ምግብ በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር፤ የውኃ ጕድጓድም ያስቆፍር ነበር። ዶክተር ፌረቢ በ1924 የተመረቁበት ትምህርት ቤት፣ ዶክተሯና እኅቶቻቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት በራሳቸው መኪና በሄዱበት አውራጃ በመንግሥት ገንዘብ ጤና ጣቢያ ሲከፍት ዶክተሯ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ዓይነት ማዕከሎች የተነሣው ሥርዓት ዛሬ በአሜሪካ በዓመት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ያክማል።

ዶክተር ዶሮቲ ፌረቢ በመስከረም 14 ቀን 1980 በዋሺንግተን አረፉ። አልፋ ካፓ አልፋ በ1908 ከ9 ሴት ተማሪዎች ጀምሮ ዛሬ በብዙ ሺህ ቅርንጫፎች ባይሆን እንኳ ከአንድ ሺህ በሚበልጡት፣ ከ300,000 በላይ አባላትን የሚያቅፍ ማኅበር ሆኗል። በ1965 በክሊቭላንድ ለወጣት ሴቶች የሙያ ማሠልጠኛ ለማስተዳደር ከፌዴራሉ መንግሥት ውል የተረከበ ሲሆን፣ ይህንንም ሥራ ለ30 ዓመታት አካሂዷል። ጥቁሮችን ከነጮች የለየው ሕግ ቢሻርም ቅርንጫፎቹ አልተበተኑም። በዋሺንግተን በደቡብ ምሥራቅ ሰፈር ደግሞ ከ1929 በኋላ ብዙ ሕፃናት፣ እናቶቻቸው ሥራ ላይ ሳሉ፣ ማንም ወተት ስርቆ እንዳይታሰር በሚያደርግ ቤት ውስጥ ዋሉ።